ቀጥ ያለው ክንድ

በነኤውፕራክስያ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ የሟቹም አጽም ወጥቶ በወይን ጠጅ ሳይታጠብ፣ ሌላ አታገባም። ብታገባ የሚያስራት ዳኛ የለም፤ ጎረቤት ግን አለ፤ ጎረቤት ደግሞ ከዳኛ ይብሳል። ስለዚህ ከገመድ ሠሪው ከሊዮን ጋር የምትጋባበት እሁድ ሳይደርስ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከዓረቦች ጋር በተደረገው የድንበር ውጊያ የሞተውን የባሏን የኒቂጣስን አጽም ልታጥብ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ገዳም ወጣች። በአንድ እጇ የወይን ጠጅ ማሰሮ፣ በሌላው ዘቢብ የገባበት የስንዴ ንፍሮ ይዛ ነበር።

ሊዮን አብሯት አልመጣም። አዲስ ባል የቀድሞውን አጽም ቆሞ ማየቱ ነውር ነው። የነበሩት የሟቹ ታላቅ ወንድም ባርዳስና የመቃብሩ ጠባቂ አባ ቴዎክቲስጦስ ብቻ ናቸው። አባ ቴዎክቲስጦስ ሰማንያ ያለፋቸው መነኩሴ ናቸው፤ ከሕያዋን ይልቅ ሙታንን ይወዳሉ። "ሙታን ቢያንስ አይጨቀጭቁኝም" ይላሉ፤ ራሳቸው ግን ሲጨቀጭቁ ነው የሚውሉት።

"ግፋ እንጂ አንተ! ጎበዝ አይደለህም እንዴ? ድንጋዩ አይነክስህም!" አሉት ባርዳስን።

ባርዳስ የመቃብሩን ክዳን ገፋ። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ኤውፕራክስያ ይህን አየች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ለወንድሙ ሻማ ሲያበራ አላየችውም፤ ዛሬ ምን አስጨነቀው?

ሳጥኑ ተከፈተ። ሥጋው አልቆ አጥንቱ የሰም ቀለም ይዞ ተኝቷል። ያልፈረሰ ሬሳ የተረገመ ነው፤ ሰም የመሰለ አጥንት ግን ምሕረት ያገኘ ነው፤ ይህን እዚያ አገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ባርዳስ በጉልበቱ ተንበርክኮ ተንሰቀሰቀ። ገና እንባው ሳይደርቅ ደግሞ ዘሎ ተነሣና መጣደፍ ጀመረ።

"በቃ አባ፣ ታየ እኮ! ቶሎ ሰብስበን ወደ አጽም ቤት እናስገባው።"

"ሳይታጠብ?" አለች ኤውፕራክስያ።

"ፀሐዩ ሳይበረታ ብዬ ነው።"

"ፀሐይ አጥንት ምን ታደርገዋለች? ቁጭ በል።"

ራስ ቅሉን በገበቴው ውስጥ አጥባ እንደ ወጉ ግንባሩን ሳመች። ጎድኖቹን አንድ በአንድ አጠበች። ከዚያ የግራ ክንዱን አጥንት አነሣችና እጇ ቀጥ አለ።

ኒቂጣስ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከርግብ ቤት መሰላል ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚያን ቀን ጠጥቶ ስለነበር አጣሞ ጠገነው። ያን ጠማማ ክንድ ኤውፕራክስያ በስምንት ዓመት ትዳር አሳምራ ታውቀዋለች፤ ባሏ ሲቆጣ መጀመሪያ የሚሰነዘረው እሱ ነበር። አሁን የያዘችው አጥንት ግን ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙን አምታትቼ ይሆናል ብላ ሌላውንም አነሣች። እሱም ያው ነው።

አልጮኸችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ሁለቱንም ክንዶች አጥባ፣ አድርቃ፣ ከሌሎቹ ጋር በከረጢት ከተተች። ጸሎቱ አልቆ ባርዳስ ቁልቁል እስኪሮጥ ጠበቀችና ወደ መነኩሴው ጠጋ አለች።

"አባቴ፣ መቃብሩን አልተሳሳቱም?"

"ምን አልሽ?"

"አይ፣ ዓይንዎ ደከም ብሏል ብዬ ነው።"

"ዓይኔ ቢደክም ጭንቅላቴ አልደከመም! ሳጥኑን ያተምኩት እኔ፣ ዛሬ ማኅተሙን የሰበርኩት እኔ። ያስገባችሁትን ነው ያወጣሁላችሁ!"

ኤውፕራክስያ ይቅርታ ጠይቃ ንፍሮውን ትታላቸው ወጣች። የመንገዱን እኩሌታ ሳትወርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሻማ ያበራችለት፣ አሁን ግንባሩን የሳመችው ሰው ማነው? ኒቂጣስስ የት ነው? ወይ አንድ ሰው ገድሎት ሌላ ቦታ ደፍቶታል፤ ወይ ደግሞ አልሞተም።

ካልሞተ ተማርኮ ዓረቦቹ ዘንድ ነው ያለው፤ ከተማቸው ጠርሴስ፣ እስር ቤት። ዘንድሮ በመከር፣ ምርኮኞች ድንበሩ ወንዝ ላይ አንድ ለአንድ ሊለዋወጡ ነው። የአገረ ገዢው ጸሐፊ ከተማ ተቀምጦ እስከ ቅዳሜ ስም ይመዘግባል። ሰውየው በሕይወት ሲማረክ በዓይኑ ያየ ምስክር የሌለው አይመዘገብም። ስሙ ካልገባ ደግሞ የሚቀጥለው ልውውጥ መቼ እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ያለፈው ከተደረገ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አራት ቀን ቀርቷታል ማለት ነው። በአምስተኛው ሰርጓ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ባሌ በሕይወት ይኖር ይሆናል ብላ ስታስብ ቀድሞ የመጣባት ደስታ አይደለም። ፍርሃት ነው። ኒቂጣስ ክፉ ሰው አልነበረም ይባላል፤ መንደር የሚመሰክርለት ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን የምታውቀው ግን ሚስቱ ናት። ሊዮን ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ከእሱ ጋር ስትሆን ትስቃለች፤ ሳቋን ራሷም ረስታው ነበር።

"ባርዳስ ነው" አለች ብድግ ብላ። "ለጋራ ወይን ቦታቸው ሲል ገድሎታል፤ ላቡም ጥድፊያውም ለዚህ ነው።"

ባርዳስን ያገኘችው የወይን መጭመቂያው ላይ እንጨት ሲያጠብቅ ነው። መጭመቂያውን በመካከላቸው አድርጋ ቆመች፤ መዶሻ ከያዘ ሰው ጋር ነው የምታወራው።

"ባርዳስ፣ ወንድምህን ስትገንዘው ቁስሉ የት ላይ ነበር?"

"የምን ጥያቄ ነው ደግሞ?"

"ቀላል ጥያቄ ነው። በገዛ እጄ ገነዝኩት እያልክ በየድግሱ ስታወራ ኖረሃል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እሁድ ታገቢያለሽ! የሞተውን ተይውና ያለውን ያዢ።"

"ደረቱ ላይ ነው? አንገቱ ላይ? ንገረኝ እንጂ! ካልነገርከኝ ከዚህ የምሄደው ጳጳሱ ዘንድ ነው።"

ባርዳስ መዶሻውን ጣለው። ኤውፕራክስያ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ሰውየው ግን ወደ እሷ አልመጣም፤ መሬት ላይ ዘፍ አለና ፊቱን ሸፈነ።

"ረግሜዋለሁ" አለ። "ሊዘምት ሲል እዚሁ ወይን ውስጥ ተጣላን። 'መሬት አትቀበልህ!' አልኩት፣ የእናቴን ልጅ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ልሁን? ሬሳው ሲመጣ ገልጬ ለማየት ፈራሁ። እርግማኔ ደርሶ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ፣ እንዳልፈረሰ ባገኘውስ? ሦስት ዓመት እንቅልፍ አልተኛሁም። ዛሬ አጥንቱ ነጽቶ ሳየው ነው ነፍሴ የገባችው። ዳግመኛ እንዳይከፈት ብዬ ነው ያጣደፍኳችሁ።"

"ታዲያ ማን ገነዘው?"

"ሊዮን ነዋ፣ ሬሳውን ከዘመቻው ያመጣው! ጋሪውን የተቀበልኩት ወንዙ መሻገሪያ ላይ ነው። ሰም በጠጣ ሸራ ተሰፍቶ፣ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ ነበር። 'ፊቱን አትየው፣ በሕይወት እንደምታውቀው ይቅርልህ' አለኝ። ወንድሙን ያልገነዘ ወንድም እንዳልባል ዋሸሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው።"

አመነችው። ሰው እንዲህ ያለ ውርደት ፈጥሮ አያወራም። ባላመነችው ኖሮ በወደደች፤ ምነው ገዳዩ አንተ በሆንክ እስከማለት ደርሳ ነበር።

"ምን ሆነሻል?" አላት ባርዳስ። "ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ።"

"ምንም አልሆንኩም" ብላ ሄደች።

ሊዮን ከወንዙ ዳር፣ ከረጅሙ ዳሱ ሥር፣ የቃጫ ጥቅል ወገቡ ላይ አስሮ ወደኋላ እየተራመደ ገመድ ይገምድ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወደኋላ መሄድ። ጀርባውን ሰጥቷት ሲመጣ ዳሱ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"መጣሽ?" አለ ዞር ሳይል፣ አረማመዷን ያውቀዋል። "ለሰርጉ የቀጠርኩት ዋሽንት ነፊ ታሟል አሉ። እሁድ አንቺ ትዘፍኛለሽ፣ እኔ እሸሻለሁ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

"ሊዮን፣ ክንዱ ቀጥ ያለ ነው።"

"የማን ክንድ?"

"እሱን እኮ ነው አንተን የምጠይቅህ። የማን ነው?"

የገመዱ ጫፍ ከእጁ አመለጠ። የጠዋቱ ሥራ ሁሉ እየተሽከረከረ ተፈታ። ሊዮን አላነሣውም፤ አጠገቡ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

"አላውቀውም" አለ። "ፊት አልነበረውም። ከጦር ሜዳው ላይ ነው ያነሣሁት።"

"ኒቂጣስስ?"

"ሸምበቆ ውስጥ ተደብቀን ነበር። እሱ ወጥቶ ሊሮጥ ሲል ዓረቦቹ ያዙት፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። አሥረው ሲወስዱት ስሜን ይጠራል። 'ሊዮን! ሊዮን!' ይላል። እኔ ጭቃው ውስጥ ፊቴን ደፍቼ ተኛሁ። የሞተ ሰው ይዞ የተመለሰን ማንም አይጠይቀውም። በሕይወት ያለ ሰው ጥሎ የመጣን ግን ባርዳስ ይጠይቀዋል፣ አገር ይጠይቀዋል። ላንቺ ብዬ አይደለም ኤውፕራክስያ፤ ያኔ የምኖረው ሌላ መንደር ነበር፤ መልክሽንም አላውቀውም ነበር።"

"በኋላስ? ስታውቀኝ?"

"በኋላማ ወደድኩሽ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልናገር?"

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። እንደዚያን ጊዜ ወድዳው አታውቅም፤ እንደዚያን ጊዜም ጠልታው አታውቅም።

"እስከ ቅዳሜ ይመዘግባሉ" አለች። "ምስክር ያስፈልጋል። ካንተ ሌላ ያየ የለም።"

"አውቃለሁ። አዋጁ የተነገረ ቀን እህል አልቀመስኩም። ብመሰክር በሐሰት ስላስቀበርኩ ገርፈው፣ ራሴን ላጭተው፣ በአህያ ላይ ወደኋላ አስቀምጠው ያዞሩኛል። እሱስ ይሁን። እሁድ ግን ይቀራል፣ አንቺም ትቀሪያለሽ።" እጇን ያዘ። "አጽሙ ታጥቧል፣ ጸሎቱ ደርሷል። የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እዚያ ስንቱ በሕይወት ይቆያል?"

እጇን ከእጁ አላወጣችም። እውነቱን ነው፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? እሁድ ይጋባሉ፣ ክረምቱን ከዚህ ሰው ጋር እየሳቀች ታሳልፋለች፤ ጸሐፊውም መዝገቡን ዘግቶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ በጣምም ጎመጀች።

"ስምህን ሲጠራ ተኛህ" አለችው። "አሁን እኔም አብሬህ ልተኛ?"

ሊዮን አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ኒቂጣስ ቢመለስ ደስ ይልሻል?"

"አይለኝም" አለች። "ተነሥ።"