መሪጌታ የቆጠሩት ስም

መንዝ ውስጥ በግ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ስም የሚቆጥር ግን እንደ መሪጌታ ገብረየሱስ አልነበረም። ጋብቻ ሲታሰብ የወንዱን ስም ከነእናቱ፣ የሴቲቱን ስም ከነእናቷ ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ይለውጣሉ፤ ይደምራሉ፤ በዘጠኝ በዘጠኝ ይገድፋሉ፤ በሚተርፈው "ይስማማሉ" ወይም "አይስማሙም" ይላሉ። የደብሩ ቄስ "ኧረ ይህን ነገር ይተዉት፣ ቤተ ክርስቲያን አትወደውም" እያሉ ይቆጧቸዋል። እኚሁ ቄስ ታዲያ የራሳቸውን ልጅ ሊድሩ ሲሉ በጓሮ በኩል መጥተው አስቆጥረዋል። እንዲህ ነን እኛ።

ቆጠራው ከማንም ቤት ይልቅ የጎዳው የራሳቸውን ቤት ነው። ሳሌም የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ መሐል ሜዳ ነርስ ናት። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ ሁለት ጊዜ በአባቷ ቁጥር ቀርታለች። የመጀመሪያው አስተማሪ ነበር፤ ቁጥሩ "እንባ" ላይ ወደቀ። ሁለተኛው እህል ነጋዴ ነበር፤ ቁጥሩ "መቃብር" ላይ ወደቀ። ሁለቱም ዛሬ ሚስትና ልጆች አሏቸው፤ ያለቀሰም የተቀበረም የለም። ሳሌም ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞላት። እናቷ ወይዘሮ ስመኝ በዚህ ነገር ማልቀሱ ራሱ ሰልችቷቸው ነበር።

ነገሩ የባሰው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። መሪጌታ መሐል ሜዳ መናኸሪያው በር ላይ ከተዘረጋ የመጻሕፍት ሸራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ገዙ። ጸሐፊዋ አይታወቅም። "የሮማው ጳጳስ ዘውድ ላይ 'በእግዚአብሔር ልጅ ፈንታ የቆመ' የሚል የማዕረግ ስም በላቲን ተጽፏል፤ ስሙ ሲቆጠር በዮሐንስ ራእይ የተነገረው የአውሬው ቁጥር ይሆናል" ትላለች። መሪጌታ ሌላ ሰው የቆጠረውን አያምኑም። የሮማውያን ፊደል ራሱ ቁጥር መሆኑን ከቀበሌው አስተማሪ አጠኑና ቁጭ ብለው ቆጠሩት። ቪካሪዩስ፣ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ፊሊ፣ ሃምሳ ሦስት። ዴኢ፣ አምስት መቶ አንድ። ድምሩ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ማኅበርተኛ ተሰብስቦ ዳቦና ጠላውን ሲቀምስ፣ ተነሥተው ቁጥሩን ተናገሩ። ሴቶቹ አማተቡ። አንዱ በስልኩ ቀረጻቸው። በወሩ ቅጂው ደብረ ብርሃን ደረሰ፣ ከዚያም አዲስ አበባ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲቆጥሩ ከአጥቢያው ውጪ ያላወቃቸው አገር በአንድ ድምር አወቃቸው። በየሰንበቴው "ያቺን ቁጥር ይድገሙልን" ይባሉ ጀመር።

አሳዛኙ ነገር መሪጌታ የአንድም ትርጓሜ ልጅ መሆናቸው ነው። መጽሐፍ ቤት የተማሩት አንዱን ቃል "አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው" እያሉ አራትና አምስት ጊዜ መፍታት ነበር። ይህችን ቁጥር ግን አንዴ ፈቷትና ሌላ አንድም አልፈለጉላትም። ሙገሳ የለመደ ጆሮ ሁለተኛ ትርጉም አይሰማም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው አንዷለም የመጣው። ከጉራጌ አገር ነው፤ የውሃ ባለሙያ ሆኖ ከጓሳ ተራራ ሥር ካለው ምንጭ ወደ መንደሮቹ ቧንቧ ሊያስዘረጋ ተቀጥሮ መጣ። ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመንገድ የሚወርድ ሰው ነበር። ከሳሌም ጋር ተዋወቁ፤ ተዋደዱ፤ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት የሰንበቴው ሙሴ፣ የማኅበሩ አለቃ አቶ መኳንንት ነበሩ። "ተቀመጡ" ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ። መሪጌታ የልጁን አገር ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ሥራውን ጠየቁ፤ ተነገራቸው።

"ሃይማኖቱስ?"

አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ክርስቲያን ነው። ካቶሊክ ነው።"

መሪጌታ "መልሱን ከሦስት ሳምንት በኋላ በሰንበቴው እሰጣለሁ" አሉና ሽማግሌዎቹን ሸኙ።

ሳሌም ያን ዕለት አባቷ ፊት ቆመች። ሁለት ጊዜ ዝም ብላ ስለነበር ሦስተኛውን አልቻለችም።

"አባባ፣ ዛሬ ስም ይቁጠሩልኝ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። አንዷለም 'ያ የተቆጠረው ስም የእኛ ጳጳስ ስም አይደለም' ይላል። እውነት የእነሱ ከሆነ እኔው ራሴ እተወዋለሁ፤ በማርያም እምላለሁ። የእነሱ ካልሆነ ግን ይመርቁኛል።"

"ማን ይፈርዳል?" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎ የሚያምኑት ሰው።"

መሪጌታ ፈገግ አሉ፤ ድምሩን ያውቁታላ። "አፈወርቅ ይፍረድ" አሉ። የኔታ አፈወርቅ መጽሐፍ ቤት አብረዋቸው የተማሩ፣ በኋላም ግሪክ አገር ተልከው ላቲኑንም ግሪኩንም የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ አርጅተው ወደ አገራቸው መርሐቤቴ ገብተው ዓለም ከተማ ይኖራሉ። ከእሳቸው በላይ ዳኛ አልነበረም።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት መሪጌታ ተነሡ። ስልክ መያዝ አይወዱም፤ ስለዚህ ሳሌም የራሷን ቁጥር በወረቀት ጽፋ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተተችላቸው። "ሲደርሱ ያስደውሉልኝ፣ አሳብ እንዳይገባኝ" አለቻቸው። በደብረ ብርሃን ዞረው በሁለተኛው ቀን ዓለም ከተማ ገቡ።

የኔታ አፈወርቅ ወዳጃቸውን አቅፈው ሳሙ፣ ወረቀቷን ተቀብለው ወደ ሳሌም አስደወሉ፣ ከዚያም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲጨርሱ አልሳቁም፣ አልተቆጡም።

"ድምርህ ልክ ነው" አሉ። "ስሙ ነው ልክ ያልሆነው። ዘውዱ ላይ አልተጻፈም። አየሁ የሚል ሰው የለም፤ ያለው 'ያየ ሰው ነገረኝ' የሚል ነው። ስሙ የሚገኘው በአንድ አሮጌ ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ የሐሰት መሆኑን ራሳቸው ሮማውያን ካወቁ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የሮማው ጳጳስ የሚጠሩት 'የክርስቶስ እንደራሴ' በሚለው ነው። በል እሱን ቁጠረው።"

መሪጌታ ቆጠሩት። ቪካሪዩስ፣ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ክሪስቲ፣ አንድ መቶ ሁለት። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ደግመው ቆጠሩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

"ቁጥሩን አስቀድሞ ይዞ ስም የሚፈልግ ሰው ስም አጥቶ አያውቅም" አሉ የኔታ። "እኛ ከሮም ጋር ያለን ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው፤ የባሕርይ ነው፣ የሥልጣን ነው። አባቶቻችን ደም አፍስሰውበታል። ለእውነተኛ ክርክር የሐሰት ምስክር ምን ያደርግልሃል? ደግሞስ አንተ የአንድም ተማሪ አይደለህ?"

መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው "ተረታሁ" አሉ። ይህን ቃል በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ አላሉትም። "ልጄን እመርቃለሁ።" እውነት ለመናገር ያን ሰዓት ልባቸው ቀሎት ነበር።

ሲመለሱ መኪናው ሞልቶ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ነጭ የለበሱ ሴት ከኋላ ወንበር አተኩረው አይተዋቸው፣ "እርስዎ የቁጥሩ መሪጌታ አይደሉም?" አሉና እጃቸውን ሳሙ። ሾፌሩ ቅጂውን በመኪናው ማጉያ ከፈተው። የገዛ ድምፃቸው እስከ መሐል ሜዳ ድረስ አውሬውን እየቆጠረ ሄደ፤ ተሳፋሪው በየድምሩ አሜን አለ። መሪጌታ "ተሳስቻለሁ፣ አጥፉት" ለማለት ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለቴም ዘጉት። ሰው በአንድ ቀን አይወድቅም፤ መጀመሪያ በመኪና ውስጥ ዝም ይላል።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ሰንበቴው እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም፤ ከመሐል ሜዳ እንግዶች መጥተው ነበር። ሳሌም አዲስ የታጠበ ነጠላ ለብሳ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች። ወይዘሮ ስመኝ ባለቤታቸው ከመንገድ ከተመለሱ ጀምሮ "ምን አሉ የኔታ?" ብለው ቢጠይቁ "በሰንበቴው እናገራለሁ" ብቻ ተብለው ነበርና ዓይናቸውን ከመሪጌታ አላነሡም።

ጽዋው ከዞረ በኋላ አቶ መኳንንት ተነሡ። "መሪጌታ፣ የአንዷለምን ነገር ዛሬ እነግራችኋለሁ ብለውን ነበር።"

መሪጌታ ተነሡ። ከእንግዶቹ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ። "አባታችን፣ መጀመሪያ ያቺን ቁጥር ከአፍዎ እንስማት፣ ከሩቅ የመጣነው ለእሷ ነው" አለ። መሪጌታ ስልኩን አዩ። ሰዉን አዩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት የሚለው ምላሳቸው ላይ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራትን ለመስማት ግን ከመሐል ሜዳ በእግሩ የሚመጣ ሰው የለም።

"ቪካሪዩስ" አሉ። "አንድ መቶ አሥራ ሁለት።"

ሃምሳ ሦስቱንም ተናገሩ። አምስት መቶ አንዱንም። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ልጄን ለዚህ ማኅተም አልሰጥም" አሉ። እልልታው የግቢውን ዛፍ ወፎች አስነሣ። አቶ መኳንንት ተቀመጡ። ሳሌም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አጣፍታ በሴቶቹ በር ወጣች።

ወይዘሮ ስመኝ ቤት ሲገቡ ባላቸውን እንዲህ አሏቸው፦ "የጓሳ ሣር እንኳ እንዳይታጨድ ሲዘጋ የሚከፈትበት ቀን አለው። እርስዎ በልጄ ላይ የዘጉት መቼ ነው የሚከፈተው?"

አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ይልቅ ፈጥኖ ተሰራጨ። "ካቶሊኩን አሳፈሩት" የሚል አርእስት ነበረው። የመንደሩ ሰው አንዷለም ያስዘረጋውን ውሃ እየቀዳ አንዷለምን ሰላምታ ነሣው። እሱም ሁለት ወር ቆየና ቧንቧውን ጨርሶ ሄደ። ሳሌምን "ነይ፣ እንሂድ" ብሏታል። እሷም ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ እናቷ ግን እግሯ ላይ ወደቁ። "ከሄድሽ ከሰንበቴው ያወጡኛል፣ ስሞት የሚቀብረኝ አይኖርም፣ እኔን ቀብረሽ ሂጂ" አሏት። ጋብቻውን ከሁሉ በላይ የተመኙት እሳቸው ነበሩ፤ ፍርሃት ግን ከምኞት ይበረታል። ሳሌም ሻንጣውን ፈታች።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። አንዷለም አግብቶ ወልዷል። ሳሌም ከሥራ ስትመለስ አባቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፤ መሪጌታ አርጅተዋል፣ መርሳትም ጀምረዋል። እንግዳ ግን አሁንም ይመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሰዎች መጡ። ስልካቸውን ደቅነው ቁጥሩን ጠየቁ። መሪጌታ ተስተካክለው ተቀመጡና "ቪካሪዩስ" አሉ። ቀጥሎ ያለው ጠፋባቸው። "ቪካሪዩስ… ቪካሪዩስ…" እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"አንድ መቶ አሥራ ሁለት" አለች ሳሌም ከበሩ ሆና። "ፊሊ፣ ሃምሳ ሦስት። ዴኢ፣ አምስት መቶ አንድ።"

እንግዶቹ አደነቁ። "የአባቷ ልጅ" አሉ፤ ጉልበት ስመው፣ መርቀው ሄዱ። ሳሌም ወንበሮቹን ማንሣት ጀመረች። የአባቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

"ልጄ፣ ሳልሞት እውነቱን ልንገርሽ። ያ ቁጥር…"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው" አለች ሳሌም።

መሪጌታ ደነገጡ። "ማን ነገረሽ?"

"የኔታ አፈወርቅ። ስልኬን በወረቀት ሰጥቼዎት አልነበር? እርስዎ ገና በመመለሻው መንገድ ላይ ሳሉ ደወሉልኝ። 'አባትሽ እውነቱን ተቀብሏል፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ልብስሽን አዘጋጂ' አሉኝ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ከእርስዎ አፍ ትስማው ብዬ። ያን እሑድ ነጠላዬን አጥቤ የቆምኩት ምርቃትዎን ልቀበል ነበር። አንዷለምም ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ ነበር። ና ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምነው ያኔውኑ ሳትናገሪ ቀረሽ?" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎ ሲያውቁ ዝም ያሉትን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?" ድምጿ አልተቆጣም፤ ቁጣው አልቋል። የመጨረሻውን ወንበር ግድግዳው ሥር አስጠጋች፣ የአባቷን ጋቢ ትከሻቸው ላይ አስተካከለች። "ለነገ ሰንበቴ ደግሞ ከደብረ ሲና የሚመጡ አሉ ተብሏል። እንዳይረሱት ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ኪስዎ እከትልዎታለሁ" አለችና ብዕር ልታመጣ ገባች።