አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ኖራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ግንበኛው መብራህቶም ግን መርሳት ቢያምረው እንኳ በርሜሉ አያስረሳውም። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ከሚከራያት ሰርቪስ ቤት ጓሮ፣ በርሜሉ እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ውስጡ የግንብ ኖራ ነው። ውሃው በጎደለ ቁጥር መብራህቶም ይጨምርበታል፤ በጨመረ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለዋል።

ያን ቀን መሃል ከተማ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እያደሱ ነበር። እሱ ኖራውን በገዛ እጁ አብርዶና አቡክቶ ሲጠብቅ፣ ኢንጂነር ተክሉ መጣና የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሙላው አለው። መብራህቶም እምቢ አለ። ድንጋይ እንደ ሰው ያልበዋል፣ ሲሚንቶ አፍኖ ይገድለዋል አለ። ተክሉ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳቀ።

"አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ እኔን ሲሚንቶ ልታስተምረኝ?"

ሠራተኛውም አብሮ ሳቀ። የሚያመው ይሄኛው ነው። መብራህቶም ኖራውን በጋሪ ጭኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤተ ክርስቲያን በር አላለፈም።

ሰሞኑን ግን ወሬው እስከ ቤቱ መጣለት። ድንጋዩ እንደ ደረቅ ዳቦ እየተፈረፈረ ነው አሉ። ዴንማርክ ውስጥ፣ በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ የስንት መቶ ዓመት ካቴድራል ያደሰች ባለሙያ መጥታ ሲሚንቶው በሙሉ ተፈልፍሎ ይውጣ ብላለች አሉ። መብራህቶም ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። እሱ ሲናገረው ቀልድ የነበረ ነገር ከእሷ አፍ ሲወጣ እውቀት ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዴንማርካዊቷ ናት። ከአጠገቧ አስተርጓሚዋ አቢግያ ቆማለች፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ጊጊሪ ሰፈር ቢሮ የምትሠራ ልጅ። ተክሉ ሸብቶ ከኋላቸው ቆሟል፤ ለመናገር አፍሮ ልጅቷን አስቀድሟል።

ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

"ጋሼ፣ የቆየ ሎሚ አለዎት ወይ እያለች ነው" አለች አቢግያ።

የመብራህቶም ደም ፈላ። "ሎሚ የምወረውርበት ዕድሜ አልፏል በያት። ዛሬም ልትስቁብኝ ነው የመጣችሁት?" ብሎ በሩን ገፋው።

ሴትዮዋ ግራ ቢገባት እጇን አጥሩ ላይ እንደሚለስን ሰው እያመላለሰች "ቾካ" አለች። የናይሮቢ ግንበኞች፣ ፉንዲዎቹ፣ ኖራን የሚጠሩት በዚህ ነው። አቢግያ አንገቷን ደፋች።

"ውይ ጋሼ፣ ሶሪ። እኔ እኮ ላይም ስትል ሎሚ መሰለኝ፤ ለካ ኖራም ላይም ይባላል።"

መብራህቶም በሩን ለቀቀው። ወደ ጓሮ ወስዷቸው ጆንያውን ገለጠ። ሴትዮዋ ተንበርክካ ኖራውን በማንኪያ ቆረጠችው፤ እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ እያብለጨለጨ ተቆረጠ። ለእኛ ካቴድራል የሦስት ዓመት ኖራ ስናገኝ እንደ ሠርግ ነበር የቆጠርነው፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው ስትል በአቢግያ አስጠየቀች። ነገራት። ለማን ብለህ አኖርከው አለችው።

መብራህቶም ተክሉን አየው። "እሱ ያውቃል። ይንገራት።"

ተክሉ አንድ እርምጃ ቀረበ። "ያኔ ነግረውኝ ነበር" አለ በአማርኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። አንቱታው ዛሬ ገና መጣ።

"ለኔ አይደለም። ለሷ፣ በሚገባት ቋንቋ።"

አቢግያ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት መብራህቶም በእጁ ከለከላት። ተክሉ ራሱ ተናገረው፤ በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ። መብራህቶም ከሁሉም የገባው "ፎርዝ ግሬድ"፣ አራተኛ ክፍል፣ የምትለዋ ብቻ ናት። በቃችው።

ማንም አልሳቀም። አስራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ነገር እንዲህ አጭር መሆኑ ገረመው። ባልዲ አንስቶ ከበርሜሉ ሞላና ለተክሉ አቀበለው።

"እጅጌህን ሰብስብ" አለው። "ኖራ ያቃጥላል።"