ሰርቨሩን የሚከፍተው ቃል

ዘይኑን የሰደበው ሐጂ አብዱልፈታህ ነው። አምና፣ ረመዳን አልቆ የሸዋል ወር በገባ ሐሙስ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ የከብት ነጋዴዎች ማኅበር ከሚሴ ላይ አዲሱን ቢሮ ሲያስመርቅ። የማኅበሩ ዘበኛ ዘይኑ ሲላላክ ውሎ እግሩ ቢዝል ከፊት ወንበር ላይ አረፍ አለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጂ አብዱልፈታህ ከእንግዶቹ መሐል ቀና ብሎ፣ «ዘበኛ ከነዱላው በር ላይ ነው የሚያምርበት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘይኑ ተነሣ። ያ ሳቅ ግን ሊሰግድ ሲቆም እንኳ ከፊቱ ይደቀናል።

ዘንድሮ የማኅበሩን ኢሜይል ባዕድ ሰው እየሰበረ ሲያነበው፣ ከማል የሚባል ባለሙያ ከደሴ መጥቶ ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም የጫነበት የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር አቆመላቸው። ደብዳቤው ታሽጎ ይሄዳል፣ ታሽጎ ይመጣል፤ ሁሉ የሚቀመጥበት የማሽኑ ዲስክም ተቆልፏል።

«አንድ ነገር አለ» አለ ከማል። «መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰው እዚሁ ቁጭ ብሎ የይለፍ ቃሉን ካልጻፈ ማሽኑ አይከፈትም።»

«በከሚሴ መብራት!» ብላ ጸሐፊዋ ሪሀና ሳቀች። «በሉ ለሰውየው ፍራሽ አንጥፉለት!»

«ለዘበኛው ስጠው፤ እሱ እንደሆነ አዳሩም እዚሁ ነው» አለ ሐጂ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠራ።

«ለሁለተኛ ሰውስ?» አለ ከማል።

«ኋላ እናየዋለን።»

ከማል ዘይኑን ለብቻው አስቀምጦ፣ «ረጅም ዓረፍተ ነገር ምረጥ፤ እስክትሞት የማትረሳውን። ለእኔም አትንገረኝ» አለው። ዘይኑ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢተወውም ቁቤውን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ አልረሳም። የቁርኣን አያ አሰበ፤ ድፍረት መሰለው። ያኔ ያቺ ስድብ ራሷ መጣች። በላቲኑ ፊደል፣ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፋት። መብራት በሄደ ቁጥር ይጽፋታል፤ በጻፋት ቁጥር ቁስሉ ያመረቅዛል። «አንድ ቀን» ይላል በሆዱ፣ «ሐጂን በገዛ እጁ አስጽፈዋለሁ። ያኔ ፊቱን አያለሁ።»

ቀኑ መጣ። ከሰንበቴ ገበያ የተገዙት ሙክቶች መኪና ላይ ተጭነው ፀሐይ ይጠብሳቸዋል። መኪናው እንዲነሣ የሚፈቅደው፣ ሙክቶቹን የሚረከበው ነጋዴ የላከው ደብዳቤ ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ መብራት ደግሞ ገና መመለሱ ነው።

«ዘይኑ! ኮቱ፣ ና ቶሎ! ክፈታት!» ሐጂ ላብ በላብ ሆኗል።

«እጄን አሞኛል፣ ሐጂ። እኔ ልንገርዎ፣ አንቱ ይጻፉ።»

«በል አምጣ! ያ ረቢ፣ ሙክቱ አለቀ እኮ!»

ሐጂ ተቀመጠ፤ ዘይኑ ከራስጌው ቆመ። ቃሉን ይጠራል፣ ከዚያ ፊደሉን አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። «ዘበኛ...» ፊቱን አየ። «ከነዱላው...» ደግሞ አየ። ሐጂ ፊደል ፍለጋ ላይ ነው። ሪሀና የሐጂ ስድብ መሆኗ ቀድሞ ገባትና ሻሿን ወደ ዐይኗ ሳበች። «...የሚያምርበት» አለ ዘይኑ።

ማሽኑ ተከፈተ። ደብዳቤው ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ!» ሐጂ ወንበሩ ላይ ተለጠጠና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ እንዴት ያለች አባባል ናት! ቆይ፣ ይቺን ማን ነው ያላት?»

ፊቱ ላይ እፍረትም ማስመሰልም የለም። ከልቡ ነው የሚጠይቀው።

ዘይኑ ሽርጡን አጥብቆ ወደ ውጭ አመራ።

«አንተን እኮ ነው የምጠይቀው፣ ዘይኑ!»

ዘይኑ ዞር ሳይል የግቢውን አቧራ አቋርጦ ሄደ።