ምድጃ ዳር የነበረው ከበሮ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናብ እየጣለ፣ ከበሮ ሠሪው ቤት የነበርነው አራት ነን፦ እኅቴ፣ አጎቴ፣ ሽማግሌው ባለሙያና እኔ። እኅቴን በማግስቱ የሙዚቃ ቡድን ሊፈትናት ነበር። ቡድኑ የሚፈልገው አንድ መቺ ብቻ ነው፤ የራሱ ከበሮ የሌለውም እንዳይመጣ ተብሏል። ፈተናው ደጅ፣ ሜዳ ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ነው። እኅቴ እስከዚያ ቀን የተለማመደችው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ነበር፤ እናታችን ሳፋዬን ጨረሽው እያለች።

አጎቴ ገና እንደገባ ምድጃው አጠገብ ያለውን ትልቅ ከበሮ መታ። ጣሪያው የተነቀነቀ መሰለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው፣ እንሂድ አለ። በሩ አጠገብ ያሉትንም ቢመታቸው ድምፃቸው ድፍን ነው፤ እነዚህስ ያኮረፉ ባሎች ናቸው ብሎ ተዋቸው።

እኅቴ አልቸኮለችም። ቆዳውን መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ፣ ቀጥሎ በመዳፏ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየመታች ጆሮዋን ታስጠጋለች። እኔም ትልቁን ብነካው ቆዳው ይሞቃል። ለመናገር አፈርኩና እጇን ይዤ አስነካኋት። ምድጃውን አየች፤ ቀጥላ በሩን አየች።

«አባባ፣ ምድጃው ጋ ያለውንና በሩ ጋ ያሉትን ከበሮዎች ቦታ ብናለዋውጣቸው ቅር ይልዎታል?»

ሽማግሌው ሳቁ። የጠየቀ ገዢ ጠፍቶ እንጂ እኔስ አልደበቅሁም አሉ። ቆዳ እንደ ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይወጠራል፣ ሲበርደው ይለግማል።

አጎቴ ለከበሮም ብርድ ልብስ እንግዛለት ወይ ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ማዛወሩን አገዘን። ሽማግሌው የሌላ ከበሮ ጠፍር ሲያጠብቁ እኛ ዝናቡን እያየን ቆየን።

እኅቴ እንደገና ስትመታቸው ትልቁ በር ላይ በርዶት እንደ እርጥብ ካርቶን ሆኗል። ከበሩ የመጡት ደግሞ ሞቋቸው ይጮኻሉ። ከነሱ መሃል አንድ አጭር ከበሮ ግን ምድጃ ዳር ሆኖም ድምፁ እምብዛም አልተለወጠም። መልሳ በር ላይ አስቀመጠችው፤ ጠብቃ መታችው። ያው ነው።

«ድምፁ እኮ ትንሽ ነው፣ አንቺ ልጅ» አለ አጎቴ።

«ትንሽ ነው፣ ጋሼ። ግን ነገም ይኸው ነው።»

አጎቴ እልኸኛ ነው፤ ትልቁን ለራሱ ገዛ።

በማግስቱም ዘነበ። እኅቴ አጭሩን ከበሮ መታች፤ ቡድኑም ወሰዳት። አጎቴ እስከ ዛሬ ትልቁ ከበሮ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል።