ሽምግልና በአሥራ አራተኛው ፎቅ

ሙሉነህ በክርስትና ወይም በምርቃት ድግስ ላይ «ጥቂት ቃል» ለመናገር ብድግ ሲል፣ ሴቶቹ የወጡን ድስት መልሰው ይከድኑ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ መሐል ቶሮንቶ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች የመስተዋት ዳስ ውስጥ ብቻውን ይውላል፤ ከሾፌሮቹም አንድ «ሃሎ»፣ አንድ «ባይ» ብቻ ይሰማል። ስለዚህ እሑድ ሰው ባገኘ ጊዜ የሳምንት ዝምታውን በአንድ ማዕድ ላይ ያፈስሰዋል። ሰሚ ማጣት ያሳዝናል፤ የራስን ረኃብ በሌላው ጆሮ ማስታገሥ ግን ስስት ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ዓ.ም.፣ በረዶው በጠነከረበት በጥር ወር፣ እንደ ልጁ ያሳደገው የእኅቱ ልጅ ዮናታን ደወለለት። እሌኒ የምትባል ነርስ ወዷል። አባቷ አቶ ገብረ ክርስቶስ ግን ሥርዓት አጥባቂ ናቸው፤ ሽማግሌ ሳይላክ ልጃቸውን አይሰጡም።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ዘመድ የለኝም፤ እርስዎ ነዎት የሚናገሩልኝ» አለ ዮናታን። «ግን ፕሊስ፣ ሾርት ያድርጉት። ለታላቅ እኅቷ የመጡትን ሽማግሌዎች ነገር ስላበዙ "እንጠራችኋለን" ብለው ሸኟቸው። እስከ ዛሬ አልጠሯቸውም።»

የሙሉነህ ሚስት አጸደ ባሏን ልታሠለጥን ቆረጠች። እንቁላል ምድጃ ላይ ጣደችና «በል፣ ይህ ሳይጠጥር ጨርስ» አለችው።

ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «እግዚአብሔር አዳምን ከፈጠረው በኋላ፣ ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም እንዳይደለ አይቶ…»

ውኃው ፈላ፤ እንቁላሉ ተንኳኳ፤ ሙሉነህ ቀጠለ።

«ሙሌ፣ ጠጥሯል» አለች አጸደ።

«የት ደረስኩ?»

«ገና ከገነት አልወጣህም። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ሲባል አልሰማህም?»

«ቆይ እንጂ! አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን የላከበት ገና መቼ መጣ!»

«አብርሃምን ተወው። ሎሌው እዚህ ቆሟል፤ እሱ ይናገር።»

ሙሉነህ ሳምንቱን ሙሉ በዳሱ ውስጥ ለቆሙት መኪናዎች ተናገረ። አጸደ ቁረጥ ያለችውንም ቆረጠ። ነገር ግን ያማረ ቃል ለተናጋሪው እንደ ልጅ ነውና፣ ቆርጦ የጣለውን ሁሉ በልቡ መልሶ ይሰፋው ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከወፍራሙ ወዳጁ ከዓለማየሁና ከዝምተኛው ሰብስቤ ጋር ለሽምግልና ቶርንክሊፍ ፓርክ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ደረሰ። የአቶ ገብረ ክርስቶስ ቤት አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። በኤለቬተሩ በር ላይ ግን «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በእግር መውጣት ጀመሩ።

እኩሌታውን እንዳለፉ ዓለማየሁ ግድግዳ ተደገፈ። «ሙሉነህ» አለ እያለከለከ፤ «እዚሁ ብሞት፣ በቀብሬ ላይ ንግግር እንዳታደርግ።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ በሩን ሲከፍቱ፣ ሦስት ሰዎች ፊታቸው በላብ ርሶ ቆመዋል። «ግቡ፣ ግቡ! አረፍ በሉ እንጂ! ውኃ አምጡላቸው!»

ዓለማየሁ ሶፋውን በናፍቆት አየው። ሆኖም ሽማግሌ የመጣበት ነገር መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ውኃም አይቀምስም። ሙሉነህ ራሱን ነቀነቀ። «በቆምንበት… ይሁንልን።»

ያን የተሰፋ ንግግሩን ፈለገው። አዳም አለ፤ ሔዋንም አለች፤ ትንፋሽ ግን የለም። ስለዚህ ውኃ ያነሰው መንገደኛ እንደሚጎነጭ፣ ቃሉን እየመረጠ አወጣ።

«ዮናታን… የእኅቴ ልጅ ነው። እኔ አሳደግሁት። ሥራ አይንቅም… አይዋሽም። እሌኒን ይወዳታል።» ትንፋሹን ሳበ። «ይስጡን።»

ሙሉነህ ቀና ብሎ ሲያይ፣ አንድም ሰው ወደ ድስት ወይም ወደ ሰዓት አይመለከትም፤ ሁሉም እሱን ያያሉ። እሱ ዝም ብሎ ሳለ ቃሉ ገና ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ተመለሰ፤ አዳምም አብሮ መጥቶ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆመ። ሙሉነህ ከንፈሩን ገጠመበት።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ጠበቁ። «ጨረሱ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

አባወራው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አየሽ! እኔ ደግሞ በየድግሱ የሰማሁትን የእሳቸውን ንግግር ፈርቼ ምሳዬን ሁለት ጊዜ በላሁ!»

ከወጥ ቤቱ በር ኋላ የእሌኒ ሳቅ አመለጠ። አባቷም ፈገግታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ ፈቅዳለች። እኛም ሰጥተናችኋል። አሁን ተቀመጡ፣ አቶ ዓለማየሁ ሳይወድቁብን።»

እልልታው ደረጃውን ወርዶ እስከ ታችኞቹ ፎቆች ተሰማ። ዓለማየሁ ሶፋው ላይ ተዘረገፈ፤ ዝምተኛው ሰብስቤ እንኳ «ተመስገን!» ብሎ ጮኸ።

ማዕዱ ሲቀርብ አቶ ገብረ ክርስቶስ «አቶ ሙሉነህ፣ ይመርቁልን» አሉ።

ሙሉነህ ተነሣ። የእሌኒ እናትም በየድግሱ ለምደውት ነበርና፣ እጃቸው ወደ ድስቱ ክዳን ሄደ።

«እግዚአብሔር ይህን ቤት ይባርክ» አለና ተቀመጠ።

ወይዘሮዋ ክዳኑን አንጠልጥለው ጥቂት ቆዩ። ከዚያም እየሳቁ ወደ ጎን አስቀመጡትና፣ ገና የሚጨሰውን ወጥ አወጡ።