ለአጥናፉ የተከለከለች መለኪያ

ሚሊሻው አጥናፉ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ከኦጋዴን ግንባር በሕይወት ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ደስታው ግን ወር አልሞላም። ሰውዬው ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ከቀመሰ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ሚስቱ ደሳለች ከዊንጌት ትምህርት ቤት በላይ ባለው ቤታቸው አረቄ እያወጣች ትሸጣለች። የሚገድለውን በገዛ እጇ ታወጣለች ማለት ነው።

በሰኔ የእድሩ ዳኛ አቶ ይርጋለም የባልና ሚስቱን የነፍስ አባት አባ ስብሐትን ይዘው መጡ። አቶ ይርጋለም እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር እንደ ሸጎጡ፣ «እድሩ ለሰካራም ድንኳን አይተክልም» አሉ። አባ ስብሐት እንኳ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዝነው ነው የገዘቱት። ሰባት ቀን የእንጦጦ ማርያምን ጠበል ብቻ ይጠጣ፣ አረቄ ያቀመሰው ሰው እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን አሉ። ደሳለች መስቀሉን ተሳለመች። ምን ታድርግ?

በመጀመሪያው ቀን አላበው። በሁለተኛው ጠበሉን አስመለሰው፤ ጎረቤቱም «እየወጣለት ነው» ብሎ እልል አለ። በሦስተኛው ጠዋት አልጋው ሲጥ ሲጥ እስኪል ተንቀጠቀጠ፤ ግድግዳው ላይ ወታደሮች ይታዩት ጀመር።

«ደሱ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ» አላት።

«ግዝት አለብኝ።»

«እየሞትኩ ነው እኮ።»

ይህን አጥታው አይደለም። አንዲት መለኪያ መንቀጥቀጡን እንደምታቆምለት በየማለዳው በዓይኗ አይታለች። ቀዳች። አፉ አጠገብ ካደረሰች በኋላ ፈራች፤ ተወግዛ ብትሞት ማን ይፈታታል? እሱስ ያለ ፍትሐት ቢቀበር? አረቄውን ወደ ጠርሙሱ መልሳ ገለበጠችው። ከሰዓት በኋላ ሰውነቱ ግትር አለ፤ ምላሱን ነከሰ፤ ሞተ።

ቀብሩ አማረ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ለቀስተኛው ሁሉ «ነጽቶ ሞተልሽ፣ የታደልሽ» አላት።

በማግስቱ ማለዳ አቶ ይርጋለም በጓሮ በኩል ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ብርዱ ገደለን። ያቺ ነገር አለችሽ?»

«ግዝቱስ፣ ጋሼ?»

«ግዝቱማ በሱ ላይ ነበር።»

ያችኑ መለኪያ ሞልታ ሰጠቻቸው። እጃቸው ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ግማሹን ጋቢያቸው ላይ ደፉት። የቀረውን ጨለጡና ትንሽ ቆዩ። እጃቸው ቀጥ አለ።

ደሳለች የተረጋጋውን እጅ አየችና ገና አሁን ጮኸች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰውም ስለ ባሏ መስሎት አብሯት አለቀሰ።