እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው

አግዳሚው ወንበር በሩ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ፊት ስትስበው እግሩ ቺፑዱን ያዘው፤ ወደ ኋላ ስትገፋው ጀርባው ቆርቆሮውን ፋቀው። ካውያ ላቧን በክንዷ ጠረገችና፣ “ስትገባ እንዴት ገባህ? ስትወጣ ነው የምትኮራብኝ?” ብላ በእርግጫ አለችው። ወጣ።

“ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?” አለ ጎረቤቷ ጡረተኛው ሾፌር፣ አንገቱን በመጋረጃው አሾልኮ።

“እንግዶቼን ልቀበል ነዋ!”

“እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው እኮ። የግቢው በር ላይ ተጽፏል።”

“ማን አስገባለሁ አለ? እኔ ነኝ የምወጣው።”

ካውያ የወጣላት ስም ነው። ሆቴል ውስጥ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች፤ ስሙ የጸናባት ግን በሥራዋ ብቻ አይደለም። አንዴ ከጋለች ማን ያበርዳታል!

የምትኖርበት ግቢ በቺፑድ የተከፋፈለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ስሙ ጊዜያዊ ማረፊያ። የድሮ ሰፈራቸው ለመንገድ ሲፈርስ “ስድስት ወር ብቻ ታገሡ” ተብለው ነው የገቡት። ያኔ ልጇ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ዛሬ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ለትዳር የታሰበች ሴት ናት። ልጅቷ አድጋ ጨረሰች፤ ስድስት ወሩ ነው እምቢ ያለው።

ልጇን ሊያገባ የፈለገው ልጅ ወላጆች ካውያን ሊያዩና ልጅቷን ሊጠይቁ የሚመጡት ዛሬ ከሰዓት ነው። ትናንት ፈቃድ ለመጠየቅ የግቢው ኃላፊ ቢሮ ገብታ ነበር። ኃላፊው በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ በሙቀትም ክራቫቱን የማይፈታ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ አዲስ ሥዕል ለጥፏል፤ አንድ ቀይ መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

“እናቴ፣ ይቺን አይተዋታል?” አላት በኩራት። “የቤት አልባው ቁጥር ቀንሷል። እናንተ እኮ ቤት እንዳላችሁ ነው የተቆጠራችሁት።”

“እሰይ! እንግዲህ ቤት ካለኝ፣ ነገ የልጄ አማቾች ይመጡብኛል። ቤቴ አስገብቼ ሻይ ላጠጣቸው ነው።”

ፈገግታው ጠፋ። “እሱማ አይቻልም። ይሄ ቤት አይደለም እኮ፣ ጊዜያዊ ማረፊያ ነው።”

“ቆይ፣ ቆይ! አሁን ቤት አላችሁ አላልከኝም?”

“እሱ ለቆጠራው ነው።”

“ስትቆጥሩኝ ቤት አለኝ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ቤት የለኝም? አንዱን ምረጥልኝ የኔ ልጅ። ወይ እንግዳዬን ላስገባ፣ ወይ ቤት አልባ ናት ብለህ መልሰህ ቁጠረኝ!”

ኃላፊው ኩም አለ። ብዕሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አለቃ አለበት። “ወንድምዎ ታሞ ያሳደሩት ጊዜ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አሁን አንድ እንግዳ የግቢውን በር ካለፈ፣ ክፍሉን ያስረክባሉ። እኔም ላተርፍዎት አልችልም።”

“የግቢውን በር ካለፈ ነው ያልከኝ?”

“አዎ።”

“እሺ” አለች ካውያ። እሺ ስትል የሚያውቋት ሰዎች ይፈራሉ።

ኃላፊው ግን ቀላሉ ነው። ዛሬ ጠዋት ከልጇ ጋር የተነጋገሩት ነው የከበዳት። አክስቷ፣ የካውያ ታናሽ እህት፣ ባለ ሶፋ ሳሎን አላት፤ ልጅቷ እንግዶቹ እዚያ ይምጡ ባይ ናት።

“እማዬ፣ በሞቴ! ለአንድ ቀን ብቻ ቤታችን ነው እንበላቸው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ያልፋል።”

“እንዴት አድርጎ ነው የሚያልፈው? ነገ ስትወልጂ አማትሽ ‘ልጁን አያቱ ቤት ላድርሰው’ ካለች፣ የአክስትሽን ሶፋ የኛ ነው ብለሽ ልትዋሺ ነው? እጮኛሽስ የት እንደምንኖር ያውቃል?”

“እሱ ያውቃል። ለወላጆቹ ግን አልነገራቸውም።” ልጅቷ እንባዋ መጣ። “አንቺ ስለ ኩራትሽ ነው የምታስቢው። ስለኔ መች ግድ አለሽ?”

ካውያ ስለሷ ግድ የላትም? የሌላ ሰው አንሶላ ስትተኩስ እጇ የተላጠው ለማን ሆነና? ልጅቷ በሩን በኃይል ዘግታ እንዳትሄድ መዝጊያ የለውም፤ መጋረጃውን ወርውራ ወጣች።

እንግዲህ ካውያ አግዳሚውን እየጎተተች የግቢው በር ደረሰች።

“ወዴት ነው እትዬ?” አለ ዘበኛው።

“ወደ ሳሎኔ።”

ከበሩ ውጭ፣ እግረኛው መንገድ ላይ፣ አግዳሚውን አጥሩ ሥር አደላደለችው። ሾፌሩ ይነዳው የነበረው አውቶቡስ ለብረት ሲሸጥ ማስታወሻ ብሎ የነቀለውን የሾፌር መቀመጫ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሌላዋ ጎረቤት፣ የመንታዎቹ እናት፣ ትንሽ ጠረጴዛ አወጣች። ካውያ፣ በሲጋራ ተበስቶ ሆቴሉ የጣለውን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፈችና ፔርሙዙን ቀዳዳው ላይ አስቀመጠችበት። ልብሱ እንዴት እንደተተኮሰ! አንዲት የተጨማደደች ቦታ አታገኝበትም።

ልጅቷ ይህን ያየችው ከመንገዱ ማዶ ነው። ተሻግራ አልመጣችም። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ እንደማታውቃቸው ቆመች፤ ካውያም አየቻትና አልጠራቻትም።

ታክሲ መጥቶ ቆመ። የልጅቷ እጮኛ ቀድሞ ወረደ፤ ወፍጮ ቤት ያለው አባቱ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ተከተለው፤ እናትየው መጨረሻ። ሰላምታው እንዳለቀ አባትየው በሩን እያየ፣ “እንግባ እንጂ” አለ።

“አንገባም” አለች ካውያ። “ቤቴ እዚህ ውስጥ ነው፣ ከበሩ ሁለተኛው። እንግዳ ካስገባሁ ግን ያስወጡኛል። ሰፈራችን ከፈረሰ ጀምሮ፣ ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች ጀምሮ እዚህ ነን። የሰው ሳሎን ተውሼ ልቀበላችሁ እችል ነበር፤ አልፈለግኩም። ልጄን የምትጠይቁ ከሆነ ከዚህ ነው የምትጠይቁት።”

ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እናትየው የበሩን ጽሑፍ አነበበች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። መንገደኛው መቆም ጀመረ።

ይኼኔ ኃላፊው ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ እየሮጠ ወጣ። “እናቴ፣ ምንድን ነው ይሄ? ሰው እኮ እያየን ነው!”

“ይየን! የግቢውን በር ያለፈ እንግዳ አለ?”

ኃላፊው ግራ ቀኙን አየና ጠጋ አላት። “ተዉ፣ በጓሮ በኩል ላስገባችሁ። ድምፅ ሳታሰሙ። ዛሬን እንዳላየሁ እሆናለሁ።”

ካውያ ወደ ማዶ አየች። ኃላፊው በእጁ ወደ ጓሮ ሲጠቁም ልጇ ነገሩ ገብቷታል፤ በዓይኗ “እሺ በይ፣ እማዬ” እያለቻት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ካውያም ልቧ ከዳት። ክፍሉ ተጠርጓል፣ አልጋው ላይ አዲሱ ጨርቅ ተነጥፏል። እሺ ብትል ሁሉም ይስማማል፤ ልጇም ትታረቃታለች።

“በጓሮ የሚገባ ሌባ ነው” አለች። “አማቾቼን በጓሮ አላስገባም። ወይ ይህንን በር ወለል አድርገህ ክፈትልኝ፣ ወይ ተወን ሻያችንን እንጠጣ።”

ኃላፊው በሩን አልከፈተም። አልሄደምም።

ልጅቷ ያን ጊዜ መንገዱን ተሻገረች። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም። እናቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና፣ “ያደግኩት እዚህ ነው” አለች ለልጁ እናት። “ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው።”

አባትየው ሳቁን መያዝ ያቃተው ይመስላል። የሾፌሩ መቀመጫ ላይ ተመቻቸና፣ “ይሄ የት ነው የሚያደርሰን?” አለ።

“ነዳጅ ከሞሉ እርስዎ ያሉበት” አለ ሾፌሩ።

ልጅቷ እዚያው፣ እግረኛው እየዞራቸው ሲያልፍ፣ ለትዳር ተጠየቀች። ካውያም ሰጠች። የልጁ እናት በመጨረሻ ባዶ ብርጭቆዋን ወደ ካውያ ገፋ አደረገችና፣ “ድገሚኝ” አለቻት። ካውያ እስከ አፉ ሞልታ ቀዳችላት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ኃላፊው አሁንም እዚያው ነበር። “ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ” አለ። “ይሄ ነገር እንዲሁ አይታለፍም።”

“ነገ ሥራ አለኝ። ከሥራ መልስ አንተ ና። እዚሁ ነኝ፤ መቀመጫም አለ።”

ሾፌሩ የአግዳሚውን አንድ ጫፍ አነሳ። “በይ ያዢ፣ እናስገባው።”

የመንታዎቹ እናት ጠረጴዛዋን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማለች። “እትዬ” አለች እየፈራች፣ “ወንድሜ ከመጣ ስንት ዘመኑ ነው። እሁድ ብጠራው... እዚህ ላይ...?”

ካውያ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች፤ ሾፌሩ ያነሳው ጫፍ ከእጁ አመለጠ።

“ጥሪው” አለቻት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች። “አንተም ተወው። እዚሁ ይደር።”